«ለእርስዎ ብቻ» የሚለው መልእክት

ውድ አንባቢ፣ «ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ብቻ ነው» የሚል የምርጫ መልእክት ስልክዎ ላይ ደርሶዎት ያውቃል? ጸሐፊው እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ፣ ለአንድ ዕጩ መዋጮ እየለመንኩ፣ «ዛሬ ካልደረሱልኝ አለቀልኝ» እያልኩ በእሱ ስም ለስንቱ በተንኩት!

አንድ ቀን ከይጁቤ ከተማ አንድ የቅኔ መምህር እያለከለኩ ቢሮ ገቡ።

«ሰውየው በሕይወት አለ?»

«ደኅና ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያ አለቀልኝ ብሎ ለእኔ ብቻ ለምን ጻፈ? በሬዬን ልሸጥለት ነድቼ መጣሁ፤ ገዥው በር ላይ ቆሟል።»

አለቃዬ ከጀርባቸው ሆኖ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ገዥው ከውጭ «የኔታ፣ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?» እያለ ይጣራል።

«ለሁሉም ሰው ነው የተላከው» አልኋቸው በመጨረሻ። «ምንም አላገኘውም።»

የኔታ ዱላቸውን ተደገፉ።

«በሬዬስ ተረፈ» አሉ። «መንገዱን ሙሉ ያደረስኩለትን ጸሎት ግን ማን ይመልስልኛል?»