የጀልባ ደጃፍ

«እማዬ፣ ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው ደጁ የት ነው?» ብላ ልጄ ሳራ የጠየቀችኝ ከቤታችን ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ወደብ ዳር ቆመን ጀልባ ስናይ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔም የማላውቀውን ሲጠይቁኝ እንደማደርገው አይስክሬም ገዛሁላት።

በበኩሌ ደጅ የሌለው ቤት ያለ አይመስለኝም። ደጅ ካለ አላፊ አለ፤ አላፊ ካለ ደግሞ «ግቡ» ማለት አለ። በስደት በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማችን ውስጥ እንኳ ምሳ ስበላ በራችን ክፍት ሆኖ ጎረቤት በኮሪደሩ ካለፈ «እንብላ» ማለቴ አይቀርም። ጎረቤቴ ፈገግ ብሎ እርምጃውን ያፈጥናል። ምን ያድርግ? ያልለመደውን ከየት ያምጣው?

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ወረቀታችን ተስተካክሎ ወጥተን መመለስ ስንችል፣ በአንዱ ሰመር እኔና ሳራ ታናሽ ወንድሜን ግርማን ልናይ ሆላንድ ሄድን። ግርማ መርከበኛ ነበር፤ አንድ ቀን ሮተርዳም ላይ ወርዶ እዚያው ቀረ። ስንለያይ ጢም አላበቀለም፤ አሁን ራሰ በራ ሆኖ ኤርፖርት ጠበቀን። ሳቁ ግን ያው የአባታችን ሳቅ ነው። ትንሽ ጀልባ ተከራይቶልናል፤ አንድ ሳምንት በቦይና በሐይቅ ከከተማ ከተማ ልንዞር።

ችግሩ ጊዜው ፍልሰታ መሆኑ ነው። ንስሐ አባቴ «መንገደኛ ነሽ፣ ሰዓቱን ተዪው፤ ከቅቤና ከወተት ግን ራቂ» ብለውኛል። ዓሣም አልበላም። ከወተት ራቂ ተብሎ ሆላንድ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት። ላሞቹ ራሳቸው ቦዩ ዳር ቆመው በትዝብት ያዩኛል። ለዚህ ብዬ ሳምንቱን የሚያደርሰኝን ድርቆሽ፣ ሽሮና በሶ በሣጥን ይዣለሁ። ግርማ ሣጥኑን ከፍቶ አየና «እትዬ፣ ረቡዕ ሳይደርስ አይብ ትበያለሽ» አለኝ። በልጅነቱ ጾም ሲገድፍ እየሸፈንኩለት ያደገ ልጅ ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለኝ! ጾሜን ሳልገድፍ ቤቴ እንደምመለስ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሐሙስ ተነሣን። መጀመሪያ ሰላም ነበር። አንዳንዱ ቦይ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ የሰው ጣራ ከበታች ታያላችሁ። ድልድዩ ለእኛ ሲባል ይነሣል፤ መኪናው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ቆሞ ጠብቆኝ ስለማያውቅ ሾፌሮቹን በየተራ እጅ እነሣለሁ።

ቅዳሜ ወደ ማታ አንዲት የወደብ ከተማ ደረስን። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ይታሰራሉ። የእኛ የወደቡን ግንብ ተጠግታ ታሰረች፤ ሌሎች አራት ከእኛ ቀጠሉ። የውጪዎቹ ወደ ከተማ የሚወጡት በእኛ ላይ ተራምደው ነው። ግርማ ደንቡን ነገረኝ፦ በፊት ለፊት በኩል በጸጥታ ያልፋሉ፣ ወደ ውስጥ አያዩም፣ አንቺም አታያቸውም። ይኼ ምን ዓይነት ደንብ ነው? ሰው ደጄን ረግጦ፣ እራት ላይ ሳለሁ ሲያልፍ ዝም ልበል?

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሽማግሌና ሚስቱ ነበሩ። «ኑ እንብላ» አልኳቸው፣ በእጄም አሳየሁ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አሉ። በእኛ ቤት የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው፤ ማን ይቆጥረዋል? የሴትየዋን እጅጌ ያዝኩና «በሞቴ» አልኩ፣ በአማርኛ። ተቀመጡ። የድርቆሽ ፍርፍሩን ወደዱት። የቀሩትም መጡ። ግርማ በኀፍረት ውስጥ ገብቶ ተደበቀ፤ ኋላ ግን ወጥቶ አስተርጓሚ ሆነ፤ በዚያ በአባታችን ሳቅ ወደቡን ሞላው። ሳራ የራሷን ልጆች በወለደችበት በዛሬው ጊዜ እንኳ ያ ምሽት ይናፍቀኛል።

ሣጥኔ ባዶ መሆኑን ያወቅሁት ሰዎቹ ከተነሡ በኋላ ነው። እነሱም ዝም አላሉ፤ ከየጀልባቸው ምስጋና ላኩ፦ አይብ፣ የቅቤ ብስኩት፣ ዓሣ፣ ደግሞ አይብ። ግርማ ደርድሮ አየውና «እትዬ፣ ረቡዕ ያልኩት በዝቶብሻል» አለኝ። ነገ ሱቅ እሄዳለሁ ብል፣ እሑድ እዚህ ሱቅ ዝግ ነው አለ። ወዲያው ደግሞ አንድ ትልቅ ጀልባ መጣና የወደቡ ሠራተኛ ቦታ አቀያይሮ የእኛን ከሁሉም ውጭ አሰራት።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ «አየር ልቀበል» ብዬ ተነሣሁ። ግንቡ ጋ ለመድረስ የሰው ጀልባ ሁሉ ማቋረጥ አለብኝ። ሁሉም ቁርስ ላይ ናቸው። በየጀልባው ዝግ ብዬ ተራመድኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ማታ ሽሮዬን የበሉ ሰዎች እጃቸውን አውለብልበው፣ በደንቡ መሠረት ዓይናቸውን መለሱ። ያቺ እጅጌዋን የያዝኳት ሴትዮ ብቻ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ቀያይ የቼሪ ፍሬ አንሥታ ዘረጋችልኝ። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው፤ እግዚአብሔር የላከው የጾም ምግብ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ፣ እንዳሳደጉኝ። እስክትለምነኝ ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ። እሷም ፈገግ ብላ ሳህኑን ወደ ቦታው መለሰችው።

ግንቡ ላይ ወርጄ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያም ዕቃ እንደረሳ ሰው ተመልሼ፣ «የስ» የሚለውን ቃል በልቤ እየተለማመድኩ፣ በሴትየዋ ጀልባ ላይ እንደገና አለፍኩ፤ ከቅድሙ ቀስ ብዬ።