ፎቶው የያዘው ወንበር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ክብር ይበላል እንዴ? ይበላል ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ።

በቀደም ከሆሳዕና ወደ ሺንሺቾ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዘፋኝ አጠገቤ ተቀመጡ። እንዳጫወቱኝ፣ ለሚስታቸው መድኃኒት መግዣ ቢሆናቸው ብለው፣ ዘፈናቸውን እስከ ዛሬ ከሚሸጠው ሙዚቃ ቤት ድርሻቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነበር። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት አቅፎ ሳማቸው፤ "አባታችን፣ እርስዎ እኮ ቅርስ ነዎት!" አላቸው። ከዚያም በር የሚያህል፣ ባለመስታወት የራሳቸውን ፎቶ አሸክሞ ሸኛቸው። ፋርማሲ ግን ቅርስ ይቀበላል?

ሹፌሩ የእሳቸውኑ ዘፈን ከፍቶ አብሮ እያፏጨ ዞር አለ።

"አባባ፣ ፎቶው ወንበር ይዟል፤ የሁለት ሰው ይክፈሉ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። "የምትሰማው እኮ የእሳቸውን ድምፅ ነው" ልለው ፈልጌ ነበር፤ ዓይን አፋር ነኝና ፎቶውን ብቻ ተቀብዬ ጭኔ ላይ አቆምኩት።

ሺንሺቾ ስንወርድ ፎቶውን መለስኩላቸው። ሰው እንዳይሰማቸው ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ መስታወቱን ብቻ የሚገዛ ሰው ታውቂያለሽ? ፎቶውንስ ሚስቴ ትወደዋለች።"