ወንድይራድ የታጠበበት ድስት

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል፤ ወንድይራድ ግን እንኳን ሕልም ሊፈራ፣ ለመተኛትም አላሰበም ነበር። ሕልሙ ራሱ ነው በቅዳሜ ቀን፣ በአዳማ ጠራራ ፀሐይ፣ የቤንዚን ጨርቅ እጁ ላይ እንዳለ መጥቶ የወሰደው። ደግሞ እንዴት ያለ ሕልም! ሰው ሌሊት ቢያየው ጠዋት ተነሥቶ ለንስሐ አባቱ የሚነግረው ዓይነት ነው።

ሕልሙን ከማውራታችን በፊት ግን ስለ ድስቱ እናውራ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በሱ ነውና።

ወንድይራድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ፍቅሩ ሁሉ «እሜቴ» እያለ በሚጠራት አሮጌ የቤት መኪናው ላይ ወድቋል። ጓሮው ካለችው የቆርቆሮ ቤት ቁጭ ብሎ ሞተሯን ይፈታል፣ ያጥባል፣ መልሶ ይገጥማል። በገጠመ ቁጥር ታዲያ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። «ያለሱም ትሄዳለች» ይልና ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል። እሜቴም፣ እግዜር ይስጣት፣ እስካሁን ሄዳለታለች።

በዚያ ሳምንት ግን ቴስታታዋ፣ ያ ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ከባድ ብረት፣ ቅባትና ጥላሸት ጠጥቶ በቤንዚንም በሽቦ ብሩሽም አልለቅ አለ። በናፍጣ ተዘፍዝፎ በኦሞ መቀቀል ነበረበት። በምን ይቀቀል? ሚስቱ እታፈራሁ ከድስቶቿ አንዱን የነካ እንደሆነ ከናፍጣው ጋር አብሮ እንደሚፈላ አስጠንቅቃዋለች። ቢነካስ የትኛው ይበቃዋል? የሚበቃው ድስት ግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የዕድሩ ነው።

ወንድይራድ የሠፈሩ ዕድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ያ ጥጃ የሚያስተኛ ትልቅ ድስትም የሚቀመጡት እሱ ግቢ ነው። ሰው የመረጠው በገንዘቡ አይደለም፤ በስሙ ነው። የዕድር ዕቃ ለግል ጉዳይ አይነካም ሲባል ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ እሱ ነው። ለልጁ ምርቃት ሁለት ወንበር የወሰደውን ጎረቤቱን ታምሩን፣ በስብሰባ መሐል አስነሥቶ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው እስኪመኝ ድረስ ያሸማቀቀውም እሱ ነው።

«ሰው አልሞተ፣ ምን ችግር አለ? እስከ ማታ አጥቤ እመልሰዋለሁ» አለ ለራሱ።

እታፈራሁ ድስቱ ምድጃ ላይ ተጥዶ አየችና ራሷን ያዘች። «አንተ ሰውዬ! ያ የሐዘን ድስት ነው። ያለ ሐዘን እሳት አይነካም።»

«አታሟርቺብኝ» አላት።

ቴስታታው ሲወጣ አብለጨለጨ። ድስቱ ግን ውስጡ ጠቆረ፤ ናፍጣ ናፍጣም ሸተተ። ወንድይራድ በኦሞ ለቅለቅ አድርጎ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ደፋው። በኋላ በአመድና በሎሚ እፈትገዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባና ካርቡራቶሩን ሊያጸዳ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ገባ። የሚስቱን ዓይን ፈርቶ በሩን ዘጋው። ቤንዚኑን ጨርቅ ላይ አፈሰሰ። ሙቀቱና ሽታው ተባብረው ናላውን አዞሩት፤ ትንሽ ልደገፍ ብሎ ጎማ ላይ ደገፍ አለ።

በሩ ተንኳኳና እሜቴ ገባች።

ሞተሯ ተፈትቷል፤ ቢሆንም ገባች። አፍንጫዋን ከፍታ፣ ባዶ ሆዷን እያሳየች ቆመች።

«ተነሥ። ወረፋህ ደርሷል» አለችው።

«የምን ወረፋ፣ እሜቴ? ምነው እርስዎ በእግርዎ?»

«ዝም ብለህ ያዘኝ» አለችና ጀርባው ላይ ወጣች። ወንድይራድም አዝሏት ወጣ። ከተማው ሁሉ መኪናውን አዝሎ ይሄድ ስለነበር ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንድ ባጃጅ የተሸከመውን ሹፌር ጎኑን እየጎሰመ «ቶሎ በል፣ ተሳፋሪዎቼ ደክሟቸዋል!» ይላል። ሰዎች ጋሪ ሲጎትቱ ፈረሶቹ ከኋላ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠው «ዘንድሮ የሰው ቀለብ አልተቻለም» ይባባላሉ። መስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ ፊሽካ ትራፊክ ፖሊሱን አፉ ውስጥ ከቶ ይነፋዋል። ትራፊኩ ጉንጩ እስኪቀላ ይጮኻል፤ ሁሉም ቆሞ ያሳልፈዋል።

መንገዱ ሲታጠፍ ድንኳን ውስጥ ገቡ። የዕድሩ ድንኳን ነው። ለቀስተኛው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሟቹ ራሱ ከፈኑን እንደ ነጠላ ጣል አድርጎ በር ላይ ቆሟል፤ ለገባው ሁሉ ወንበር እየሰጠ ያጽናናል።

«እግዜር ያጥናችሁ። እኔስ ተገላገልኩ፤ እናንተ ናችሁ ገና መኖር ያለባችሁ» ይላል።

ወንድይራድን ሲያይ ፊቱ በራ። «ጋሽ ወንድይራድ! አንተን ስንጠብቅ ነው የዋልነው። ድስቱስ?»

ሳቁ ቆመ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞሮ አየው።

«ዕቃ ቤት ነው» አለ ወንድይራድ።

ይህን እንዳለ ከአገጩ ላይ አንድ ጥቁር ጠብታ ወርዶ የሟቹ ከፈን ላይ አረፈ። ሟቹ ጎንበስ ብሎ ጠብታውን በጣቱ ነካ፤ አሸተተው።

«ዘይት ታፈሳለህ» አለው።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። አፍህ አካባቢ ነው። ጋራዥ ውሰዱት!»

ጋራዡ የራሱ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ጣሪያው ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ርቋል። የእሜቴ ዕቃዎች ሁሉ ቱታ ለብሰው ይጠብቁታል። ካርቡራቶሩ መነጽር አድርጓል። ፒስተኖቹ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣል፣ እሱ ሲቀመጥ ያኛው ይነሣል፣ አብረው ቁጭ ብለው አያውቁም። ቴስታታው ጸጉር የሌለው ሽማግሌ ሆኖ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል፤ ገና መታጠቡ ስለሆነ ራሱ ያብለጨልጫል።

ምድጃው ላይ ድስቱ ተጥዷል። የዕድሩ ድስት። ጎኑ ላይ የተቀባው የዕድሩ መለያ ቀይ ቀለም ሳይቀር ይታያል።

«ልብሱን አውልቃችሁ ክተቱት» አለ ቴስታታው።

«አባቴ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ በዚህ ድስት ብቻ አይሁን» ብሎ ለመነ ወንድይራድ። እውነት ለመናገር ከመቀቀሉ ይልቅ ያሳፈረው ይህ ነው። ታምሩ በቀዳዳ አጮልቆ ቢያየውስ? እንዴት ቀና ብሎ ይሄዳል?

«እኛስ መች ተጠየቅን?» አለ ቴስታታው።

ከተቱት። ውሃው ይፈላል፤ ግን አያቃጥልም፤ ያሳክካል እንጂ። ዕቃዎቹ ዙሪያውን ከበው እንደ ሐኪም ተመካከሩ።

«ኦሞ ጨምሩ።»

«ቤንዚን አይሻልም?»

«ለሰው ቤንዚን አይሆንም፣ ይላጣል። መጀመሪያ ይዘፍዘፍ፣ ከዚያ ይፈተጋል፣ ከዚያ ይነፋል። ሥርዓት አለው።»

ዘፈዘፉት። ፈተጉት። በአንድ ጆሮው ንፋስ ሲለቁበት በሌላው በኩል እታፈራሁ ከተጋቡ ጀምሮ የመከረችው ምክር ሁሉ፣ ሳይከፈት፣ እንደታሸገ ወጣ። ካርቡራቶሩ አንዱን አንሥቶ በመነጽሩ አየውና «አይ! ደህና ዕቃ ነበር» አለ።

ከዚያ ምላሱን አስወጡት። ፒስተኖቹ እየተነሡ እየተቀመጡ በሽቦ ብሩሽ ያዙት። ጥቁሩ ንብርብር መነሣት ጀመረ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«ቃል ነው። ‹የቤቱን ቧንቧ ነገ እጠግነዋለሁ› ይላል።»

«ከሥሩ ሌላ አለ።»

«እሱም ‹ነገ እጠግነዋለሁ› ነው። የዛሬ ዓመቱ ነው።»

«ይኼኛው ግን እርጥብ ነው። ‹ዕቃ ቤት ነው› ይላል።»

«እሱ ገና አልደረቀም፤ በጨርቅ ይለቃል» አለ ካርቡራቶሩ።

ሲጨርሱ አውጥተው ጆንያ ላይ ዘረሩት። መልሰው ሊገጥሙትም ጀመሩ፤ ለካ ሳያውቀው ፈትተውታል። እጁን በእጁ ቦታ፣ ጉልበቱን በጉልበቱ ቦታ አሠሩ፤ ክዳኑን ገጠሙ፤ አጠበቁ። ጆንያው ላይ አንዲት ዕቃ ተረፈች። የሽምብራ ፍሬ ታክላለች፤ ጠርዟ እንኳ አልተጫረም።

«የምን ናት?» አለ ቴስታታው።

ካርቡራቶሩ አገላበጣት። «ይሉኝታው ናት መሰለኝ።»

«እንዴት እንዲህ አዲስ ሆነች?»

«መች ሠራባትና!»

«እንግዲህ ልንፈታው ነው?»

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ሥራው አሰልችቷቸዋል። «ተወው ባክህ፣ ያለሷም ይሄዳል» አሉ በአንድ ድምፅ፤ ጣሳ ውስጥ ጣሏት። ወንድይራድ ያቺን ንግግር የት እንደሚያውቃት አሰበና ደነገጠ፤ ነገር ግን ድንጋጤው ብዙ አልቆየም። የሚያቆየው ዕቃ ጣሳ ውስጥ ቀርቷል።

ተነሥቶ ሄደ። እንዴት ቀለለው! አስፋልቱ ላይ እየተንሳፈፈ ድንኳኑ ደረሰ፤ ወንበር ላይ ወጥቶ ቆመ።

«ስሙኝ! በዕድሩ ድስት ቴስታታ ቀቅያለሁ! በናፍጣ! ነገ ደግሞ ካምቢዮውን እቀቅልበታለሁ! ምን ታመጣላችሁ?»

ይወግሩኛል ሲል ድንኳኑ በእልልታ ቀለጠ። ታምሩ ሁለት ወንበር በሁለት እጁ ይዞ ሮጦ መጣና ጉልበቱን ሳመው። «ሊቀመንበራችን! ሊቀመንበራችን!» አሉ። ሟቹ ከደስታው ብዛት ዘለለና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ትከሻውንም ይዞ ነቀነቀው፤ በሴት ድምፅም «አንተ ሰውዬ፣ ተነሥ!» አለው።

ዓይኑን ገለጠ። እታፈራሁ ናት። በሩ ተከፍቷል፤ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። እታፈራሁም ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ወንድይራድ ነጠላውን አየ። «ማን ሞተ?»

«የአቶ ሽብሩ እናት። ጥሩምባው በራችን ላይ ሲነፋ አልሰማህም? ብጠራህ ብጠራህ ታንኮራፋለህ። ተቀበሩ እኮ።»

አቶ ሽብሩ የዕድሩ ሊቀመንበር ነው። ወንድይራድ ጎማውን ተደግፎ ተነሣ። «ድስቱስ?»

«ሴቶቹ መጥተው ወሰዱታ። ታጥቦ ግቢ ተደፍቶ ቢያገኙት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ጋሽ ወንድይራድ እንዴት ያለ ሰው ነው! ሳይጠሩት አጥቦ የሚጠብቅ!› ብለው መረቁህ።»

«መረቁኝ?»

«እስኪበቃህ። ከዚያ ንፍሮ ቀቀሉበት።»

«እና አንቺ ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ባሌ ብረት ቀቅሎበታል ልበል?» አለች። «ስምህን በገዛ አፌ ላጥፋው? አፌ አልከፈት አለኝ እንጂ መች ጠፋኝ።»

ይህን ጊዜ ዕድሩም፣ ታምሩም፣ ሊቀመንበሩም ከልቡ ወጡና የሚስቱ ፊት ብቻ ቀረ። ለእሱ ብላ ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደዋለች ታየው። አፈረ።

«ሰዉ በላው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«በላ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ማን ይመልሳል? አንዱ ቃመና ሌላውን አየ፤ ሌላውም ቃመና መሬት መሬት አየ። ውሃ ብቻ በጣም ተጠጣ። አቶ ሽብሩማ አንድ ጭብጥ እንደቃመ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ‹ተዉት፣ እናቱ ናት፣ ይውጣለት› አሉ።»

«ታምሩስ?»

«ታምሩ ሁለቴ ዘገነ። ‹የጋሽ ወንድይራድ ድስት ንፍሮውን አጣፈጠው› አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ሲያስለው ነበር።»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና የቋጠረችውን ንፍሮ ጭብጥ ሙሉ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ቀብር የቀረው ታሞ ነው ብያቸው ነው፤ ድርሻውን ውሰጂለት ብለው ላኩልህ። ቃም።»

ስንዴው ሞቅ ይላል። ከአፉ ሳይደርስ ሽታው ደረሰ። ወንድይራድ ሚስቱን አያት፤ እሷም እያየችው ነው። ቃመ። አላመጠ። ብዙ አላመጠና ዋጠ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ጨው… ልኩ ነው።»

«እንኳን ጣመህ» አለች እታፈራሁ። የቀረውንም መዳፉ ላይ ዘረገፈችለት። «ለሰልስቱም ሌላ ድስት አንፈልግም፣ ያንኑ ነው የምንፈልገው ብለዋል።»