ቁልፍ ሠሪው አርፋጅ በቀለበት ስለ መታሰራቸውና ስለ መፈታታቸው

በዘመነ አርፋጅ፣ አርኃዌ ኆኅት፣ ባዕለ መርኆ፣ በተራው ሰው አፍ ቁልፍ ሠሪው፤ የሕንፃው ሊፍት በተበላሸ በሁለተኛው ዓመት፣ ደረጃው ባለጠጋውንም ድኻውንም እኩል ባስለከለከበት ወራት፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤትና ጫማ ሻጩ በአንድ ጥላ ተኳርፈው በታረቁ በሳምንቱ፣ ፀሐይ በበረታችበት ዕለተ ረቡዕ ይህ ገድል ተፈጸመ። ጸሐፊውም ያየውን አይቶ፣ ያላየውን ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ሰምቶ ጻፈ፤ እርሳቸው የማያውቁት ነገር በሕንፃው ውስጥ የለምና።

ወበውእቱ መዋዕል፣ በዚያም ዘመን፣ የአርፋጅ መናገሻ ከደረጃው ሥር ነበረች፤ ስፋቷም ደንበኛ በገባ ቁጥር ጌታው ሆዳቸውን ሳብ የሚያደርጉባት ያህል ነበረ። ዙፋናቸው በርጩማ፣ ዘውዳቸው በግንባር የሚታሰር የባትሪ መብራት፣ በትረ መንግሥታቸው ሞረድ ነበረ። በዚያም ተቀምጠው የመኪናን በር በሽቦ፣ የመድኃኒት ቤቱን ካዝና በጆሮ ከፈቱ፤ መጸዳጃ ቤት ተቆልፎባቸው የዋሉትንም የሒሳብ ሹም ነጻ አወጡ፤ ሹሙም ከዚያ ወዲህ በሩን ገርበብ አድርገው ይጠቀማሉ ይባላል። አርፋጅ መባላቸው ግን ከሥራቸው የመጣ አይደለም። በትምህርት ቤት የወጣላቸው ስም ነው፤ ደወል ተደውሎ፣ ስም ተጠርቶ፣ ጥቁር ሰሌዳው እስከ ግማሽ ከተጻፈበት በኋላ ብቅ ይሉ ነበርና። የስምንተኛ ሐ ክፍል ተማሪዎች ፎቶግራፍ በተነሡበት ቀን እንኳ፣ እርሳቸው የደረሱት ፎቶ አንሺው ዕቃውን ጠቅልሎ ሲወጣ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በአንድ ዴስክ አብረዋቸው ይቀመጡ የነበሩት የክፍሉ አለቃ ከወላጆቻቸው ጋር ሰፈር ለቅቀው ሄዱ። አርፋጅም ሊነግሯቸው ያሰቡትን ነገር በሆዳቸው እንደያዙ ጢም አወጡ።

እነሆ ደግሞ ተመልሰው የተገናኙበት ምክንያት። ከአደባባዩ ማዶ ባለው ሕንፃ አንዲት ሰፋዪተ አልባስ፣ ማለትም ልብስ ሰፊ፣ ሱቅ ከፍተው በመስታወታቸው ላይ «ቁልፍ እንተክላለን» ብለው አጻፉ። በአርፋጅም በር ላይ «ማንኛውም ቁልፍ ይሠራል» የሚል ጽሑፍ ነበረ። በዚህ በአንድ ቃል የተነሣ በአገሩ ታላቅ መደናገር ሆነ፤ ቤታቸው የተቆለፈባቸው ሰዎች ወደ ልብስ ሰፊዋ እየሮጡ በራችንን ይክፈቱልን ይሉ ጀመር፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ የተበጠሰባቸውም ወደ አርፋጅ እየመጡ ደረታቸውን ገልጠው ይቆሙ ነበር። ሁለቱም ነገሥታት የተሳሳተውን ሰው ወደ ማዶ እየሸኙ፣ ሳይተያዩ ደንበኛ ሲለዋወጡ ብዙ ወራት አለፉ። በመጨረሻ የአርፋጅ የገዛ ጃኬታቸው ቁልፍ ወድቆ እርሳቸው ራሳቸው ማዶ በተሻገሩ ጊዜ፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ያሉት ልብስ ሰፊ የጥንቱ የክፍል አለቃ ሆነው ተገኙ። እመቤት አለቃም መርፌውን ከአፋቸው ሳያወጡ ሳቁ፤ ይህም ለሌላ ሰው የማይመከር ነገር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአርፋጅ ልብስ ሁሉ በየሳምንቱ ቁልፉ ይረግፍ ጀመር። ጸሐፊው መርምሮ እንደደረሰበት፣ ክሩን በምላጭ የሚቆርጡት ጌታው ራሳቸው ነበሩ። እመቤት አለቃም የተበጠሰ ክርና የተቆረጠ ክር አይለዩም ብሎ የሚያስብ ቢኖር ሞኝ ነው፤ ያውቁ ነበር፤ ግን እያወቁ ይተክሉ ነበር።

ወእምዝ አርፋጅ የልባቸውን ሊናገሩ ቆርጠው ተነሡ። ወደ ወርቅ ቤት ዘምተው ቀለበት ገዙ፤ ወርቅ ሠሪው የእመቤት አለቃን የጣት ልክ ቢጠይቃቸውም፣ በስምንተኛ ክፍል ከጎናቸው ስትጽፍ ያዩዋትን ጣት አስታውሰው የራሳቸውን ትንሿን ጣት ዘረጉ። ምክራቸውም በዚያ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ተሻግረው እመቤት አለቃን ለመጠየቅ ነበረ። ነገር ግን በጠዋቱ፣ እስቲ እጅ ላይ እንዴት እንደሚያምር ልይ ብለው በቀለበት ጣታቸው ላይ ገፋ አደረጉት። ገባ። አልወጣም።

በዚያን ጊዜ በጌታው ላይ የሆነውን መከራ ማን ይናገረዋል! ሳቡት፣ አሽከረከሩት፣ ለመኑት፤ ጣታቸውም በሙቀቱና በጉተታው አብጦ ቀላ። በሽቦ እንዳይጎረጉሩት ቀዳዳ የለውም፤ በሞረድ እንዳይቆርጡት የእጮኛ ቀለበት ተሞርዶ አይሰጥም። ይህም ወሬ በደረጃው ላይ በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተሰበሰበ። በቀኝ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይዘው ቆሙ፤ በግራ ጫማ ሻጩ የጫማ ማስገቢያቸውን መዝዘው መጡ፤ በግንባር የሒሳብ ሹሙ ውለታ ለመመለስ በላስቲክ በረዶ ተሸክመው ወረዱ፤ በደጀን የሕንፃው ጥበቃ ምክር ብቻ ይዘው ተሰለፉ፤ ከሁሉም የበዛው የእርሳቸው ስንቅ ነበረ። አረፋው ደረጃውን አጥለቀለቀ፣ ጫማ ሻጩ ተንሸራተው ወደቁ፤ ቀለበቱ ግን ከስፍራው ንቅንቅ አላለም።

አርፋጅም እንደ ማንኛውም ጀግና በጨነቃቸው ጊዜ እናታቸው ዘንድ ደወሉ። ቀለበቱ ጣታቸውን ጠፍሮ እንዳሰረው ለማስረዳት ቢጮኹ፣ ኔትወርኩ መካከሉን በልቶ «ቀለበት» እና «አሰረ» የሚሉትን ብቻ አሻገረ። እመ አርፋጅም፣ ባለ በረንዳዋ፣ ይህን ቃል ሲጠብቁ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ስልኩን ሳይዘጉ ወደ በረንዳቸው ወጥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ጎረቤት! ኧረ ስሙኝማ! ልጄ ቀለበት አሰረ! አዎ፣ የኔው ልጅ፣ ያ ቀርፋፋው! ከማን ጋር እንደሆነ ገና አልነገረኝም፣ ብቻ አስሯል! ልጅሽ ምን ሆኖ ነው የማያገባው እያላችሁ ስታደርቁኝ የነበራችሁ ሁሉ፣ አሁን አፋችሁን ያዙ!»

ከዚያ በረንዳ ሥር ደግሞ የኢንሹራንስ ወኪል የሆነ ሰው ይኖር ነበረ፤ እርሱም በስምንተኛ ሐ አብሯቸው የተማረ፣ ለልደትም ለለቅሶም ለጠፋ እርሳስም ኮሚቴ ካላቋቋመ እንቅልፍ የማይወስደው በመሆኑ ስሙ ኮሚቴ ተብሎ የቀረ ነው። «የስምንተኛ ሐ ልጆች» የተባለውን የቴሌግራም ቡድን የመሠረተና በእርሱም ላይ የነገሠ እርሱ ነው። አዋጁን ከላይ እንደሰማ የራሱን አዋጅ አስከተለ፦

«ሰበር ዜና! አርፋጃችን ቀለበት አሰረ! አንተ፣ የምን መደበቅ ነው? ልጅቷ ማን ናት? ፎቶ ልቀቅ እንጂ! የስጦታ መዋጮ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ሰብሳቢው እኔ ነኝ!»

ወዲያው አበባው፣ ልቡ፣ የሚጨፍረው ድመት ዘነበ። ከክፍሉ ማንም የማያስታውሰው ሰው ሁሉ ደስታውን ገለጠ። በመካከሉ የእመቤት አለቃ ቃል ወጣ፤ እርሱም «እንኳን ደስ ያለህ።» የሚል ሲሆን በመጨረሻው አራት ነጥብ ነበረበት። በዚያ ቡድን ውስጥ አራት ነጥብ ተጠቅሞ የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም ደነገጠ። ጥቂት ቆይቶም አለቃ ከቡድኑ እንደወጡ ታየ።

በዚህ ቦታ ጸሐፊው ቀልዱን ለጊዜው ያስቀምጣል፤ አርፋጅ በእውነት ደነገጡ። ከልጅነት ጀምሮ ያፈኑት ነገር በሌላ ሰው አፍ ተበላሽቶ ቀድሟቸው ደረሰ። ቢደውሉ እመቤት አለቃ አያነሡም። ውሸት ነው ብለው በቡድኑ እንዳይጽፉ እናታቸውን በጎረቤት ፊት ማዋረድ ይሆንባቸዋል፤ ፎቶ አንሥተው እንዳያስረዱ ቀለበቱ ጣታቸው ላይ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛ እንደሚያጧቸው ገባቸው፤ ሁለተኛ መታጣት ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል፣ አሁን እመቤት አለቃ ሲስቁ ምን እንደሚመስሉ ያውቁ ነበርና።

ስለዚህ ተነሡ። ሱቃቸውን ሳይቆልፉ ወጡ፤ ቁልፍ ሠሪ ሱቁን ሳይቆልፍ ሲወጣ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ሠራዊቱም በየማዕረጉ ተከተለ፤ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ሳሙናውን እንደያዙ፣ ጫማ ሻጩ እያነከሱ፣ የሒሳብ ሹሙ በረዶው እየቀለጠባቸው፣ ጥበቃው እየመከሩ። ከአደባባዩ በደረሱ ጊዜ የእግረኛው መብራት ቀይ ስለ ነበረ በዚያ ሰፈሩ። አረንጓዴ በሆነ ጊዜም ከዚያ ተነሥተው ማዶ ገቡ።

የልብስ ሰፊዋ በር ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ «ዝግ ነው» የሚለው ካርቶን ተንጠልጥሎ ነበረ። የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ አይሰማም። ቁልፉ ግን፣ አርፋጅ ገና ከሩቅ እንደለዩት፣ በጠጉር መያዣ የሚከፈት ዓይነት ርካሽ ቁልፍ ነበረ። ይህን ጥበቃውም ስለሚያውቁ በሠራዊቱ ሁሉ ስም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ክፈተው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ? ለአንተ ይሄ ሥራ ነው? ከፍተህ ግባና አስረዳት!»

አርፋጅም እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ሽቦው በዚያ ነበረ። ይህ ሰው በዘመናቸው በር አንኳኩተው አያውቁም፤ ልጅ ሳሉ ባረፈዱ ቁጥር በኋላው መስኮት ይገቡ ነበር፣ ካደጉም በኋላ የተዘጋ ነገር ሁሉ እንጀራቸው ሆነ። ሽቦውን ነኩት። ከዚያ ባዶ እጃቸውን አወጡና ወደ ሠራዊቱ ዞረው አጭር አዋጅ ተናገሩ፦

«አልከፍትም። በሩ የሷ ነው።»

እና አንኳኩ። ባበጠው ጣታቸው ስለ ነበረ ወርቁ መስታወቱን ቀጭ ቀጭ አደረገው። መልስ አልመጣም። ያን ጊዜ ታክሲ ጠባቂው፣ ጋዜጣ ሻጩ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ በታላቅ ድምፅ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አለቃ! ቀለበቱ ያንቺ ነው! እስቲ ልየው ብዬ ጣቴ ላይ ቀረ! እናቴ ሌላ ነገር ሰማች! ማንም የለችም፣ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ! ቁልፎቼንም የምቆርጣቸው እኔ ነኝ፣ ይሄው ተናገርኩ!»

መጋረጃው ተነቃነቀ። ወሶበ ርእዩ ዘንተ፣ ይህንን ባዩ ጊዜ፣ ጥበቃው እንኳ ዝም አሉ። በሩም ከውስጥ ተከፈተ።

እመቤት አለቃ ሜትራቸውን በአንገታቸው እንደጣሉ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ወጡ። ጣቱን አይተው አርፋጅን በክንዳቸው ይዘው አስገቡና ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ሠራዊቱም በመስታወቱ ላይ ፊቱን ለጥፎ ቀረ። ከዚያ ጠንካራ ክር መዘዙ፤ ጫፉን በመርፌ ጀርባ ከቀለበቱ ሥር አሳልፈው፣ የቀረውን ከቀለበቱ በላይ ባለው ጣት ላይ ጥብቅ አድርገው ጠቀለሉት። አርፋጅ ጥርሳቸውን ነከሱ። እመቤት አለቃም ከሥር ያለውን ጫፍ ይዘው ክሩን ቀስ እያሉ መፍታት ጀመሩ፤ ክሩ በተፈታ ቁጥር ቀለበቱ አንድ እርምጃ ተጓዘ፣ አንጓውን ተሻገረ፣ ወጥቶም በእመቤት አለቃ መዳፍ ላይ ወደቀ። ደጅ ያለው ሕዝብ አጨበጨበ።

እመቤት አለቃ ግን ቀለበቱን አልመለሱም። በራሳቸው ጣት አጠለቁት፤ ሰፋቸው። አርፋጅ ያስታወሱት ጣት ልክ ነበረ፤ ለወርቅ ሠሪው የዘረጉት የራሳቸው ጣት ግን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ወፍሮ ኖሯል። ሠራዊቱ ትንፋሹን ዋጠ፤ ጫማ ሻጩም ሶል ይጨመርበት ሲሉ በመስታወቱ በኩል ሐሳብ አቀረቡ። እመቤት አለቃ ያንኑ ክር አንሥተው በቀለበቱ ዙሪያ ደጋግመው ጠመጠሙት፣ ቋጠሩት፣ ትርፉንም በጥርሳቸው በጠሱት። ቀለበቱም በጣታቸው ላይ ጸና። ሰው ሁሉ ቀለበት አሰርኩ ይላል እንጂ ቀለበት በክር ሲታሰር ጸሐፊው ያየው ያን ቀን ነው። ስልካቸውንም አንሥተው፣ በኮሚቴ በኩል ለቡድኑና ለባለ በረንዳዋ እንዲነበብ፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«ኮሚቴ፣ መልሰህ አስገባኝ። ለሁላችሁም፦ ቀለበቱ የታሰረው አሁን ነው፣ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። እማማ ከማን ጋር እንደሆነ ካልሰሙ፣ ከኔ ጋር ነው። እና አንተ ሰውዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የቆረጥከውን ቁልፍ ራስህ ትተክላታለህ!»

ወይእዜኒ፣ አሁንም፣ ክብር ለአርፋጅ ይሁን፤ ካዝና በጆሮ ለከፈቱ፣ የሒሳብ ሹምን ከጨለማ ላወጡ፣ በአንዲት ቀጭን በር ፊት ግን ሽቦአቸውን በኪሳቸው ትተው ለቆሙ! ክብር ለእመቤት አለቃ፤ በአንድ ክር ፈትተው ላሰሩ! ክብር ለእመ አርፋጅ፤ ነገሩ ከመሆኑ በፊት ለሰሙ! በጌታው ጣት ላይ ቀለበቱ የተወው ቀይ መስመር ብዙ ቀን ሰነበተ፤ ቁልፍ ሊያሠራ ለመጣው ሁሉ፣ ሳይጠይቃቸውም፣ እጃቸውን እየዘረጉ ያሳዩት ነበር። ቶሎ እንዳይጠፋባቸውም ያንን እጃቸውን በስስት ይታጠቡ ነበር።