ምሥጢሩ ሰሌዳ ላይ

አሠልጣኝ የሚባል ፍጥረት ገጥሟችሁ ያውቃል? ወረታ የመጣብን፣ ገንዘብ በስልክ ማንቀሳቀስ ሊያስተምር ነበር። የሩዝ ገበሬውን ሁሉ «ኦፕሽን፣ ኮንፈርም» እያለ ሲያደነቁር ዋለና፣ ስለ ምሥጢር ቁጥር ሲደርስ «ለምሳሌ» ብሎ አራት አሃዝ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አዳራሹ በሙሉ ያንኑ ቁጥር ስልኩ ላይ ሞላ!

ብዙም ሳይቆይ ከሠልጣኞቹ አንዱ የሆኑት የአያ ደሴ የበሬ ሽያጭ ብር ከስልካቸው ጠፋ። ለካ ስልካቸውን የተዋሰ ጎረቤት ወደ ራሱ አዛውሮታል።

አሠልጣኙ ተጠርቶ መጣና አፈጠጠባቸው። «ቁጥሩን ለማን ነው የነገሩት?»

«እኔማ ለማን ነግሬ! ላገር ሁሉ የነገርኸው አንተ!» አሉ አያ ደሴ።

ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሥልጠና ወስደዋል፤ ፈርመዋል።»

ገንዘቡን በሽማግሌ አስመለስን። አያ ደሴም ብራቸውን በጨርቅ ቋጥረው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። ማን ይፈርድባቸዋል?