ሲመቱት የሚጮህ ሥራ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እኔው በእጄ የሠራኋቸው ዌብሳይቶች ነበሩ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ከጨመርኩም ትንሽ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ጋሽ እንግዳወርቅን ማወቅ አለባችሁ። አዳማ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ብረታ ብረት ቤት አላቸው። ግማሹ ሰፈር የሚገባውም የሚወጣውም እሳቸው በበየዱት በር ነው። ልጃቸው ማስተዋል ደግሞ የኔ... ምኔ እንደሆነች ገና ስም አልወጣለትም፤ ስም እንዲወጣለት ነው ቅዳሜ ሽማግሌ የላክሁት። የእድራችን ዳኛ አቶ ስንሻው ሁለት ጎረቤት አስከትለው ሄዱ። ጋሽ እንግዳወርቅ አዳምጠው ሲጨርሱ፣

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ።

«አስቻለው ዌብሳይት ይሠራል። የእድራችንንም የሠራልን እሱ ነው» አሉ አቶ ስንሻው።

«ሲመቱት ይጮሃል?»

«ምኑ?»

«ሥራው ነዋ። እኔ የሠራሁትን በር በመዶሻ ቢመቱት ከዚህ እስከ መናኸሪያው ይሰማል። ሲመቱት የማይጮህ ነገር ሠርቻለሁ ለሚል ሰው ነው ልጄን የምሰጠው? እስቲ ላስብበት። ነገ መልሱን ታገኛላችሁ።»

ማታ ማስተዋል ደወለችልኝ። «አይዞህ፣ እንቢ አላለም። አባዬ እንቢ ሲል ብየዳውን ያጠፋል። ዛሬ አላጠፋም» አለችኝ። እሷ ይህን ብላ ስልኩን ዘጋች። እኔ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ አመሸሁ። የኔ መገላበጥ አልበቃ ብሎ ነው መሰል፣ እንቅልፍ ሲወስደኝ ዓለሙም ተገለበጠ።

በሕልሜ ከደጃፌ ጀምሮ እስከ አደባባዩ ድረስ ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ደንበኞቼ ናቸው። እኔ እግሬን ጠረጴዛ ላይ ሰቅዬ ሻይ እጠጣለሁ፤ እነሱ ፀሐይ ላይ ቆመው ያልባቸዋል። የመጀመሪያው የሆቴል ባለቤት ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣

«ጌታዬ፣ እባክህ አርማዬን አሳንስልኝ» አለኝ።

ሕልም መሆኑ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አርማዬን አሳንስ ያለ ደንበኛ ከዚህ በፊት ከእናቱ ማህፀን አልወጣም። በእውኔ አንዱ አተልቀው፣ ትንሽ ጨምርበት፣ አሁንም ጨምርበት ሲለኝ ውሎ፣ አርማው ከኮምፒውተሩ መስታወት ሞልቶ ግድግዳዬ ላይ ፈስሷል። እስከ ዛሬ ቀለም አልሸፈነውም። መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

«አስተያየት የምቀበለው ከምሳ በኋላ ነው» አልኩት።

«እሺ ጌታዬ» ብሎ አርማውን እንደ መሐረብ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ቀጥሎ የቆመው የሥጋ ቤቱ ሰንጋ ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ባለ ሥጋ ቤቱን ሚዛን ላይ አስቀምጦታል።

«ይሄ አጥንት ይበዛበታል። ፎቶው ላይ ግን ሞላ አድርገህ አውጣልኝ» አለኝ ሰንጋው።

ባለ ሥጋ ቤቱን እንዴት ነህ ብዬ በዓይኔ ጠየቅኩት። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ከነገ ጀምሮ ፆም ነው» አለኝ ፊቱ በርቶ።

ይህን ሲል ኮምፒውተሬ አስነጠሰ። ከውስጡ የሠራኋቸው ዌብሳይቶች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ከትምህርት ጋር አስረኛ ክፍል ላይ ተጣልተን፣ እሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ እኔ ወደ ኢንተርኔት ቤት። ያን ያህል የሚያስመካ ነገር አለኝ ብዬ አላስብም ነበር። ልጆቼ ተሰልፈው ሲወጡ ሳይ ግን ደረቴ ሸሚዜን ቀደደው።

በመጀመሪያ የእድሩ ወጣ። ድንኳኑን እንደ ጋቢ ተጎናጽፎ አግዳሚ ወንበሩን በጭንቅላቱ ተሸክሟል። ቀጥሎ የሆቴሉ። በእውኑ ያ ሆቴል አለ፣ መዋኛ ግን የለውም፤ ፎቶው ላይ መዋኛ የቆፈርኩላቸው እኔ ነኝ። በሕልሜ መዋኛው መጣ፣ ሆቴሉ የለም። ከረባት አስሮ፣ እየተንቦጫረቀ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ በሰው መሀል አለፈ። ከዚያ የአህዮች ተቆርቋሪ ማኅበር ወጣ፤ መነጽር ያደረገ ወፍራም አህያ ነው። ከኋላው ሁለት ጆንያ ዱቄት የተሸከመ ሰውዬ ያለከልካል።

«ምነው እንዲህ ጫንክበት?» አልኩት።

«ምን ይሆናል፣ ለምዶታል» አለኝ አህያው።

የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድንም ወጣ። የደረጃውን ሰንጠረዥ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቡድኑ ሁልጊዜ ከታች ነው። በሕልሜ ሰንጠረዡ ተገልብጧል፣ እነሱ አንደኛ ወጥተዋል። አምበሉ ዋንጫ እንዴት እንደሚያዝ ስለማያውቅ፣ እንደ ፍየል ጆሮውን ይዞ ይጎትተዋል።

መጨረሻ ላይ ዋርካው መጣ።

ስለ ዋርካው ልንገራችሁ። ከሰፈራችን በላይ ያለው ነው። አዲሱ መንገድ በላዩ ላይ ሊያልፍ ምልክት ተቀብቶበት ነበር። ጥላው ሥር የሚውሉት ጫማ ሰፊዎችና ባጃጅ ሹፌሮች መጥተው አንድ ነገር አድርግ ሲሉኝ፣ «ዋርካው ይትረፍ» የሚል ዌብሳይት በነፃ ሠራሁ። ሰው ሁሉ ጥላው ሥር የተነሳውን የድሮ ፎቶ ላከ። የተጋባበት፣ የታረቀበት፣ ፀጉሩን የተቆረጠበት። ፎቶው በዝቶ በዝቶ መንገዱ አፈረና ዞሮ አለፈ። ይሄ ሕልም አይደለም፤ ሄዳችሁ እዩት፣ መንገዱ እዚያ ጋ ወገቡን ሰብሯል።

በሕልሜ ዋርካው ከኮምፒውተሩ ሲወጣ ቅርንጫፉ ተቀርቅሮበት ብዙ ታገለ። እጁ ላይ «ሰው ይትረፍ» የሚል መፈክር ይዟል።

«በል እንሂድ፣ ጋሽ እንግዳወርቅ ይጠብቁናል» አለኝ።

ባጃጅ አስቆምኩ። ባጃጁ ወጣና ጀርባዬ ላይ ተሳፈረ። አዘልኩት። ብረታ ብረት ቤቱ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አለኝና ወረደ። ቀና ስል ራሴ ላይ ነጭ ቬል ተደፍቶብኛል።

የጋሽ እንግዳወርቅ ግቢ በር ብቻ ሆኗል። ቤት የለ፣ አጥር የለ፤ ሜዳው ላይ በሮች ተተክለው ይከፈታሉ ይዘጋሉ። በአንደኛው በር አናት ላይ ማስተዋል በሙሉ ልብስና በከረባት ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«አንገትህን ድፋ እንጂ፣ ሙሽሪት አይደለህ እንዴ» አለችኝ።

«ቬሉ ያሳክከኛል።»

«ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው። ዝም ብለህ እፈር።»

አፈርኩ። ሽማግሌዎቼ ገብተው ማንም ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ፤ እድሩ ላይ አግዳሚው ተቀመጠበት። ጋሽ እንግዳወርቅ የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ መዶሻ ይዘው ቆመዋል።

«ይቀመጡ እንጂ» አላቸው መዋኛው።

«አልቀመጥም። ሲመቱት የሚጮህ ሥራ ካላሳያችሁኝ እዚሁ ቆሜ እቀራለሁ።»

«እኔን ይምቱኝ» አለ እድሩ። መቱት። ድንኳኑ «ፍስስ» አለና ተኛ። ጋሽ እንግዳወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መዋኛውን መቱት። ውኃው ተነሥቶ መነጽራቸውን ሞላው፤ አንዲት ትንሽ ዓሣ መስታወቱ ውስጥ ስትዞር ታየች። «ይሄ ይረጫል እንጂ አይጮህም» አሉ።

ወደ አህያው ዞሩ። አህያው መነጽሩን አስተካክሎ፣ «ማኅበራችን መመታትን በጥብቅ ይቃወማል» አላቸው። ትክክል ነው፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አምበሉ ዋንጫውን ጎትቶ አቀረበ። እዚህ ላይ ልቤ ዘለለ፤ ዋንጫ ብረት ነው፣ ይጮሃል። መዶሻው ሊያርፍ ሲል ግን ከየት እንደመጣ ያላወቅነው የመስመር ዳኛ ባንዲራውን አነሳ። ከጨዋታ ውጪ። ዋንጫውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። ከበሩ አናት ላይ የማስተዋል ቆሎ መቆርጠም ቆመ።

«እንግዲህ...» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ እጃቸውም ወደ ብየዳው ማጥፊያ ሄደ።

እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ እኔና ማስተዋል ብቻ ነን የምናውቀው። ልጮህ ስል ቬሉ አፌ ውስጥ ገባ።

«ቆይ እስቲ» አለ ዋርካው። ሲነሳ ጥላው ግቢውን በሙሉ አለበሰው። «እኔን ይምቱኝ።»

«አንተን ደግሞ ምን ብዬ? ዛፍ የሚሠራው እግዜር ነው።»

«እውነት ነው፣ የሠራኝ እግዜር ነው። እንዳልቆረጥ ያደረገኝ ግን ይሄ ባለ ቬል ነው።»

ጋሽ እንግዳወርቅ መዶሻውን ሲመዝኑት ቆዩ። ከዚያ ከትከሻቸው አንሥተው መቱት።

ጮኸ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የቤተ ክርስቲያን መረዋ አጠገቡ የስልክ ጥሪ ነው። የግቢው በሮች ሁሉ ተቀብለው ጮኹ። ድምፁ ከግቢው ሲወጣ የአዳማ በር በሙሉ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ተቆልፎ የኖረው፣ ዝገት የያዘው፣ ቁልፉ የጠፋበት ሁሉ ተከፈተ። ሰው ግር ብሎ ወጥቶ እልል አለ። ሰንጋው ከባለ ሥጋ ቤቱ ጋር ተቃቅፎ ጨፈረ። ዱቄት የተሸከመው ሰውዬ ጆንያውን ጥሎ አህያውን አቀፈው፤ አህያውም አዘለው። የእግር ኳስ ቡድኑ እኔን ከነቬሌ ወደ ሰማይ ወረወረኝ፤ እንደ ወትሮው ሊቀልቡኝ አልቻሉም፣ ዋርካው በቅርንጫፉ ቀለበኝ። ከዚያ ከፍታ አዳማን አየኋት፤ የሠራሁት ሁሉ እታች ይጨፍራል፣ «ገና በግንባታ ላይ» የሚል ገጽ ያለው አንድም የለም።

ጋሽ እንግዳወርቅ ተቀመጡ።

«ምን ልበል እንግዲህ፣ ጮኸ እኮ» አሉ። «ልጄን...»

ዋርካው ግን መጮኹን አላቆመም። ዷ፣ ዷ፣ ዷ ይላል። ዝም በል፣ ይጨርሱ እንጂ ብዬ ብለምነውም አልሰማኝ አለ። ዷ፣ ዷ።

ዓይኔን ስገልጥ የሚመታው የግቢያችን በር ነው።

«አስቻለው፣ ተነስ» አሉ አከራዬ እትዬ ዘነበች በመስኮቱ። «የበር ሠሪው ሰውዬ ትልቅ ብረት ይዘው መጥተዋል። ምን አድርገህ ነው?»

በጓሮ በኩል ልወጣ የኋላውን መስኮት አየሁት። የመስኮቱን ብረት የበየዱት ራሳቸው ጋሽ እንግዳወርቅ ናቸው፤ ድመት አያሳልፍም። ሱሪዬን ለብሼ ወጣሁ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ጋሪ ላይ የቤት በር የሚያህል ላሜራ ጭነው ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፣ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው። በሕልሜ እንዳየሁት ስለሆነ ዓሣዋን ፈለግኋት። የለችም።

«ማታ ልጄ የሠራኻቸውን ሁሉ በስልኳ ስታሳየኝ አመሸች» አሉ ሰላም ሳይሉኝ። «ዋርካውንም አየሁት። አሁን ስመጣ ጋሪውን አቁሜ በጡጫ መታ መታ አደረግኩት። አይጮህም።»

እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ተመለከትኩ።

«ግን ቆሟል» አሉ። «ዌብሳይት ለኔም ያስፈልገኛል። ያንተ አሠራር ስስ ስለሆነ ራሴ ሠርቼዋለሁ። አንተ ስልኩ ውስጥ መክተት ብቻ ነው።»

ላሜራውን አየሁት። እውነትም ዌብሳይት ነው። ከላይ አርማቸው ተበይዷል፤ ከላሜራው አራት እጅ ሦስቱን እሱ ይዞታል። ሥሩ በብሎን ጭንቅላት የተሠሩ የሚጫኑ ቁልፎች አሉ፤ መነሻ፣ በሮች፣ ስለ እኛ፣ ያግኙን። ሁሉም በማጠፊያ ይከፈታሉ።

«ተጫነው፣ ይሠራል» አሉኝ።

«ስለ እኛ» የሚለውን ተጫንኩ። ከች ብሎ ተከፈተ። ውስጡ የቤተሰቡ ስም በብየዳ ተጽፏል። እንግዳወርቅ። ከሥሩ ባለቤታቸው። ከሥሩ ማስተዋል። ከማስተዋል ጎን፣ አርማው ቦታውን ስለጨረሰው ተጣብቦ፣ ምስር በምታህል ፊደል፣ አስቻለው። በጣቴ ነካሁት፤ ገና ትኩስ ነው።

ብዙ የምናገረው ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ስሜን ትንሽ ተለቅ ቢያደርጉልኝ?»

ጋሽ እንግዳወርቅ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«አስተያየት የምቀበለው ከሠርጉ በኋላ ነው» አሉ። «ያንን ጫፍ ያዝ።»