ፍሬን ያለው ምንሽር

ለዕቃው ደግሞ ሌላ ዕቃ የሚያሠራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ጢሙን ስላጭለት ይስቅብኛል።

ይህ ሰው ከጦር መጋዘን የተረፈ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ አለው። አምና ጎረቤት ሠርግ ላይ ብተኩስበት ትከሻዬን ገፍትሮ እንግዳው ሁሉ ፊት በቂጤ አስቀመጠኝ። ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ሠርግ ሲቃረብ፣ የወደቀ ክብሬን ላነሣ ደብረ ማርቆስ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄድሁ።

«አፈሙዙ ላይ ግፊቱን የሚቀንስ ፍሬን ግጠምልኝ፤ እንዳይነቃነቅ!» አልሁት ባለሙያውን።

ጠመንጃውንም እኔንም አየና፣ «አባባ፣ ፍሬን የሚያስፈልገው ለየትኛው አፍ ነው?» አለኝ።

ባለጌ! ግን አጥብቆ ገጠመልኝ። ወደ አገሬ ይጁቤ ስመለስ ስለ ፍሬኔ ያልሰማ ገበያተኛ አልቀረም።

ኋላ ግን ሐሳብ ገባኝ። ሠርጉ ላይ ቢወልቅብኝስ? መሞከር አይሻልም? ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ፣ ከእርሻዬ በታች ሰው ወደሌለበት ገደል ተኮስሁ። ፍሬኑ ንቅንቅ አላለም፤ እኔም ንቅንቅ አላልሁም። ምን ያደርጋል፣ ያየኝ አጠገቤ ሲግጥ የነበረው በሬዬ ብቻ ነው።

የሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ብቅ ሲሉ እድምተኛው ጆሮውን ይዞ ጠበቀኝ። ደረቴን ነፍቼ ቃታውን ሳብሁ። ቀጭ! ሌላ ድምፅ የለም። ለካ የነበረችኝን አንዲት ጥይት ለሙከራው ጨርሻታለሁ።

ባለቤቴ የሻረግ ከሴቶቹ መካከል ሆና እልል አለችና፣ «እሰይ አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች። «ፍሬኑስ በደንብ ይዟል!»